ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ፦ ዘንድሮ የሰፈራችንን መንገድ በልባሽ ጨርቅ ብናስጌጠውስ?

የሽምብጥ_ልጅ (ርዕሱን የከፈተ)

ሰላም ቤተሰብ፣ በተለይ የባህር ዳር ልጆች። ገና ኅዳር ነው ምን አስቸኮለህ እንዳትሉኝ፣ አሁን ካልተነጋገርን እንደ ሁልጊዜው ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ተሯሩጠን ያንኑ የላስቲክ ባንዲራ ገዝተን መስቀላችን ነው። ነገሩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ የሰፈር ወጣት ከየቤቱ ብር ያዋጣል፣ ብሩ ስስ ላስቲክ ይገዛበታል፣ ለከተራ ያምራል፣ ጥር 12 ሚካኤል ከገባ በኋላ ግን አውራጅ የለውም። ከሰዓት ከሰዓት ከጣና የሚነሳው ንፋስ እየመታ ይበጣጥሰዋል፣ ግማሹ ዘንባባው ላይ ተጠምጥሞ ይከርማል፣ ግማሹ ቱቦ ይገባል፣ ቱቦው ደግሞ መጨረሻው የት እንደሆነ እናውቃለን። ጣና ከ2004 ጀምሮ በእምቦጭ የደረሰበት ሳያንስ እኛ በበዓል ላስቲክ መጨመራችን በጣም ነው የሚያመኝ። ፌስታል እንኳን በ2017 በአዋጅ እንዲቀር ተወስኗል፣ የባንዲራው ላስቲክ ከፌስታል በምን ይሻላል?

ስለዚ ሀሳቤ ይሄ ነው፣ ዘንድሮ መንገዱን በጨርቅ እናስጊጠው። አዲስ ጨርቅ አላልኩም፣ ልባሽ። አሮጌ አንሶላ፣ መጋረጃ፣ ሸሚዝ፣ የሳልቫጅ ቀሚስ፣ ልብስ ሰፊ ቤት የሚጣል ቁርጥራጭ። "ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ" ይባል የለ፣ በጣጥሰን ለጥምቀት እናድርገው።

እኛ ቅያስ ውስጥ አምና ሰርተነዋል፣ ዘንድሮም ያው ራሱ ነው የሚሰቀለው፣ ስለዚ በሰማሁት አይደለም የማወራው። በቁጥር ልንገራችሁ። አንድ ሜትር ተኩል በሁለት ሜትር የሆነ አንሶላ አላችሁ እንበል። ላይኛው ጎኑ 20 ሳንቲም ቁመቱ 25 የሆነ ሦስት ማዕዘን፣ አንዱን ቀጥ አንዱን ግልብጥ እያደረጋችሁ ብትቆርጡ በአንድ ረድፍ 14 ይወጣል፣ ረድፉ 8 ነው፣ ጠቅላላ 112። በመሃል 5 ሳንቲም እየተዋችሁ ስትሰፉት በሜትር 4 ይገባል፣ ስለዚ አንድ አንሶላ 28 ሜትር ገመድ ይሞላል ማለት ነው። የኛ ቅያስ ወርዱ 8 ሜትር ቢሆን ነው፣ ከአንድ አሮጌ አንሶላ ሦስት ጊዜ አሻግረን ትርፍ ይኖረናል።

አሁን ልንሰፋው ያሰብነው ከቅያሷ ወጥተን እስከ ዋናው አስፋልት ነው። የቸገረኝ ነገር፣ ቀይ ጨርቅ ጤዛ ሲነካው ቀለሙን እየለቀቀ ነጩ ላይ ይወርዳል፣ ይሄን እንዴት ነው የሚያስተዉት? ቢጫ ጨርቅ ደግሞ ልባሽ ውስጥ እንደልብ አይገኝም። ገመዱስ ሲባጎ ይሻላል ናይለን? የምታውቁ ጻፉ፣ በዛውም የየሰፈራችሁን ንገሩን።

ሰፊዋ_ከግሽ_ዓባይ

የሽምብጥ ልጅ እግዜር ይስጥህ፣ ይሄን የሚያነሳ ሰው ስጠብቅ ነበር። ልብስ ሰፊ ነኝ፣ በየቀኑ ከመኪናዬ ስር የሚጠረገው ቁርጥራጭ ሲጣል አንጀቴን ነው የሚበላኝ።

ስለ አቆራረጡ አንድ ነገር ልጨምር። ሦስት ማዕዘኑ ሲቆረጥ ላይኛው ጎን በጨርቁ ቀጥታ ክር ላይ መዋል አለበት። ለማወቅ ጨርቁን በሁለት እጃችሁ ይዛችሁ ሳቡት፣ በቀጥታው ሲሳብ አይለጠጥም በሰያፉ ሲሳብ ይለጠጣል። የሚለጠጠው ጎን ላይ ከዋለና ንፋስ ካገኘው ይንሻፈፋል፣ ከሩቅ ሲያዩት መስመሩ ሁሉ የተጣመመ ነው የሚመስለው። ያንተ አቆራረጥ ቀጥና ግልብጥ ስለሆነ አንሶላውን ከዳር ቀጥ አድርጋችሁ ከጀመራችሁ ሁሉም እኩል ነው የሚወጣው።

ጠርዙ እንዳይተረተር ዚግዛግ የምትሰራ መኪና ያላችሁ በዚግዛግ ዙሩት። ከሌለ ሁለት ሦስት ማዕዘን ፊት ለፊት አጋጥማችሁ ሁለቱን ጎን ሰፍታችሁ ገልብጡት፣ ጫፉን ከመገልበጣችሁ በፊት ትርፉን ቁረጡት ካለበለዚያ ሹሉ ይዶለድማል። በዚህ አይነት ከሰራችሁ ከአንሶላው የሚወጣው 112 ሳይሆን ቢበዛ 56 ነው፣ ግን ዓመት ዓመት የምትሰቅሉት ከሆነ እኔ ይሄንን ነው የምመርጠው፣ በሁለቱም በኩል ፊት አለው፣ ከመንገዱ ወዲህም ወዲያም ያለ ሰው እኩል ያየዋል።

ለማያያዣ ጥብጣብ አትግዙ። ከሌላ አሮጌ አንሶላ 5 ሳንቲም ስፋት ያለው ረጅም ሰንጥቃችሁ ለሁለት እጠፉት፣ ሦስት ማዕዘኖቹን እጥፉ ውስጥ እያስገባችሁ በአንድ ስፌት ጨርሱት። ሲባጎው በእጥፉ ውስጥ ይለፍ፣ ክብደቱን የሚሸከመው ሲባጎው ነው ጨርቁ አይደለም። ናይለን ገመድ ያንሸራትታል፣ ጨርቁ ወደ መሃል ይሰበሰባል።

እና አሮጌ ሸሚዝ ካላችሁ ፊቱን አትጣሉት!! የቁልፉን መስመርና የቁልፍ ቤቱን መስመር ከላይ እስከ ታች ቆርጣችሁ አውጡት። አንዱን የአንዱ ገመድ ጫፍ ላይ፣ ሌላውን የሌላው ገመድ ጫፍ ላይ ስፉት። ከዛ ገመድ ከገመድ ሲቀጠል ቁልፍ መቆለፍ ብቻ ነው፣ ቋጠሮ የለ፣ ሲወርድ መቀስ የለ። ቁልፎቹ ድሮም የተሰፉ ስለሆኑ እንደገና መስፋት የለ። ለአንሶላ መርፌ 14፣ ጅንስ ካጋጠማችሁ 16፣ በቀጭን መርፌ ጅንስ አትድፈሩ።

አባይ_ማዶ

ሀሳቡ ጥሩ ነው ግን እኔን አንድ ነገር ከነከነኝ። ታቦት በሚያልፍበት መንገድ ላይ ማን እንደለበሰው የማይታወቅ ልባሽ መስቀል ይገባል ወይ? ለታቦት ክብር አዲስና ንጹህ ነው የሚገባው ብዬ ነው ያደግኩት። ቤታችን ለጥምቀት አዲስ የሚለበሰው ለዚህ አይደል እንዴ። ቅር እንዳይላችሁ፣ ከልቤ ነው የምጠይቀው።

ቃለ_ማሕሌት

አባይ ማዶ ጥያቄህ የሚገባ ጥያቄ ነው ወንድሜ። እኔ በድቁና ነው የማገለግለው፣ የማውቀውን ልበል፣ የቀረውን የየደብራችሁን አባቶች ጠይቁ።

በታቦቱ ፊት የሚነጠፈው ምንጣፍ ሌላ ነገር ነው። እሱ እየተጠቀለለ እየተነጠፈ ካህናቱ የሚረግጡት ነው፣ እሱን በልባሽ አትተኩት፣ ማንም እንዲህ አላለም። መንገዱ ላይ የሚሰቀለው ግን የሕዝቡ የደስታ መግለጫ ነው፣ ታጥቦ ተተኩሶ ንጹህ ሆኖ ከቀረበ ነውር ያለበት አይመስለኝም። ድሃዋ እናት ያላትን ነጠላ አጥባ ነው ለጥምቀት የምትወጣ፣ አዲስ ስላልሆነ ማንም አልመለሳትም።

አጥብቄ የምለው ሁለት ነገር አለ። ከቤተክርስቲያን የወጣ ጨርቅ፣ መጋረጃም ይሁን መጎናጸፊያ አሮጌ ነው ብላችሁ እንዳትነኩ። ንዋየ ቅድሳት ቢያረጅም ለሌላ አገልግሎት አይውልም፣ ምን እንደሚደረግ ካህናቱ ያውቃሉ። ሁለተኛው ጽሑፍና ሥዕል ነው። ሳልቫጅ ቲሸርት ላይ ምን ምን እንደሚጻፍ ታውቃላችሁ፣ የክለብ ማልያ አለ፣ የቢራ ማስታወቂያ አለ፣ በማናውቀው ቋንቋ የተጻፈ አለ። ጽሑፍ ያለበትን ክፍል ቆርጣችሁ አውጡት፣ ወይ ወደ ውስጥ ገልብጡት። ጥምቀት በ2012 ዩኔስኮ ላይ ከተመዘገበ ወዲህ ከውጭ የሚመጣው እንግዳም ብዙ ነው፣ ቀና ብሎ የሚያነበው ነገር ከበዓሉ ጋር የሚሄድ ይሁን።

የሽምብጥ_ልጅ

ዲያቆን እግዚአብሔር ይስጥልን፣ የማልያውን ነገር ከዛሬ ጀምሮ ለልጆቹ እነግራለሁ። አባይ ማዶ ደሞ ምንም ቅር የሚል ነገር የለውም፣ እንዳውም ይሄ ሳይነሳ ቢሰቀል ሰፈር ውስጥ መነጋገሪያ ይሆን ነበር።

እህቴ ሰፊዋ፣ የሸሚዙን ቁልፍ አንብቤ ሳልጨርስ እቤት ያለውን አሮጌ ሸሚዝ ሁሉ አወጣሁት።

ድርና_ማግ

ባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ ቴክስታይል ነው የተማርኩት፣ ስለ ቀለሙ ልመልስ።

መጀመሪያ የያዛችሁት ጨርቅ ምን እንደሆነ እወቁ። ከዳሩ ሁለት ሦስት ክር መዝዛችሁ በክብሪት ለኩሱ (ውጭ ሆናችሁ፣ ከጨርቁ አርቃችሁ)። ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ይነዳል፣ አመዱ ግራጫ ነው፣ በጣት ሲነካ ይበናል። ፖሊስተር ከሆነ ከእሳቱ እየሸሸ ይቀልጣል፣ ጥቁር ሽታ ያለው ጭስ አለው፣ ሲበርድ ጠንካራ ጠብታ ይሆናል። ቴትሮን የሚባለው ድብልቅ ስለሆነ ሁለቱንም ያሳያችኋል።

ቀለም የሚለቀው አብዛኛውን ጊዜ ጥጡ ነው፣ በተለይ ርካሹ ቀይና ጥቁር ሰማያዊ። ሰው ሁሉ ጨው ውስጥ ዘፍዝፉት ይላል፣ ኮምጣጤም ይላሉ። ጨው ጨርቁ ገና ሲቀለም ነው የሚጠቅመው፣ ቀለሙ ወደ ክሩ እንዲገባ ይረዳል። አንዴ ከፋብሪካ የወጣ ጨርቅ ላይ ቀለሙን አያስይዘውም። ያላችሁ መፍትሔ ማጠብ ነው፣ በሙቅ ውሃና በኦሞ፣ ውሃው ጥርት እስኪል ደጋግሞ። ከዛ ፈትኑት፣ ነጭ ጨርቅ በውሃ አርሳችሁ ቀዩ ላይ አድርጋችሁ በጋለ ካውያ ጫን አድርጋችሁ ያዙት። ነጩ ሮዝ ካለ ያ ቀይ ከነጭ ጋር አይሰፋም፣ ከቢጫም ጋር አይሰፋም፣ ብቻውን አንድ ገመድ አድርጉት ወይ ተዉት።

ማጠቢያውን በተመለከተ አደራ፣ አደራ፣ ሐይቁ ዳር ወይ አባይ ወርዳችሁ አትጠቡት። ላስቲክ ጣና እንዳይገባ ብለን ጀምረን ሳሙናና ቀለም የምንጨምርበት ከሆነ ምኑን ሰራነው? እቤት በሳፋ ታጥቦ ውሃው መጸዳጃ ይደፋ።

ልባሽ እስከሆነ ድረስ ደግሞ ማጠቡ ለቀለም ብቻ አይደለም፣ ለእከክም ለቅማልም ነው። ሙቅ ውሃ የሚችለውን በሙቅ እጠቡ፣ ፀሐይ ላይ በደንብ ይድረቅ፣ ካውያ ይለፍበት። በረኪና ግን አታብዙ፣ የጥጡን ክር ይበላዋል፣ ነጩ የነጣ መስሏችሁ ዓመት ሳይሞላው እጃችሁ ላይ ይቀደዳል።

በበኩሌ ለውጭ ፖሊስተር እመርጣለሁ። ቀለሙ ፀሐይ ይችላል፣ ጤዛ ቢመታው ቶሎ ይደርቃል፣ አይሸሽም።

ሰፊዋ_ከግሽ_ዓባይ

ድርና ማግ ስለ ቀለሙ አመሰግናለሁ ብዙ ነገር ነው ያወቅኩት። በመጨረሻው ግን አልስማማም። ፖሊስተር ስስ ነው፣ ካውያ በደንብ አይቀበልም፣ ንፋስ ሲመታው ገመዱ ላይ ይጠመጠምና ተመልሶ አይወርድም፣ አቡጀዴው ግን ክብደት ስላለው ወዲያው ይረጋል። ከተራ ሌሊት ደሞ ጧፍ አለ፣ ሰው ሻማ ይዞ ነው የሚያድር፣ ፖሊስተር እሳት ከነካው እየቀለጠ ሰው ላይ ይንጠባጠባል። ጥጥ ይነዳል ግን አይጣበቅም።

ድርና_ማግ

የእሳቱን እቀበላለሁ፣ እሱ እውነት ነው። እንዲህ ብንለውስ፣ ከገና ጀምሮ ወር ሙሉ ሳይወርድ የሚቆይ ከሆነ ፖሊስተር፣ ከከተራ እስከ ቃና ዘገሊላ ብቻ ተሰቅሎ የሚወርድ ከሆነ ጥጥ። የሦስት ቀን ፀሐይ ጥጥን ምንም አያደርገውም፣ ጥር ላይ ደግሞ ዝናብ የለም። ለእንቁጣጣሽ ከሆነ ግን ሌላ ነው፣ ክረምቱ ገና ስላልወጣ ጥጡ እንደራሰ ይውላል። ጧፍ ሰው የሚይዝበት አካባቢ፣ ዝቅ ብሎ በሚሰቀለው ላይ ግን በፍጹም ፖሊስተር አይሁን፣ እዛ ላይ አንቺ ትክክል ነሽ።

ፈታይዋ_እናት

ልጆቼ እንደምን አላችሁ። የልጅ ልጄ ነች ይህን የምታነብልኝ፣ እኔ እያልኩ እርሷ ትጽፋለች። ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና እዚሁ ባህር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ነበር የሚሠራ፣ በ1953 የተቋቋመው ፋብሪካ ማለቴ ነው፣ እኔ ደግሞ ፈታይ ነኝ፣ ጨርቅ ሲጣል ማየት አልወድም።

ቢጫ አጣን ላላችሁት፣ ጥለቱን ረሳችሁት እኮ። ነጠላ የሚያረጀው ከመሃሉ ነው፣ ትከሻ ላይ የሚውለው ይሳሳል ይቀደዳል። ጥለቱ ግን በሳባ ክር የተሠራ ስለሆነ መሃሉ ወንፊት ሆኖ ጥለቱ እንዳዲስ ነው። በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ስንት እንዲህ ያለ ነጠላ ታጥፎ ተቀምጧል፣ አይለበስ አይጣል። ወርቅማው አለ፣ አረንጓዴው አለ፣ ቀዩ አለ።

ስታወጡት ግን ጥለቱ ሥር መቀስ አትሰዱ። ማጉ ነው ጥለቱን የሚሠራው፣ ከሥሩ ከቆረጣችሁት ከዳር እየተመዘዘ ያልቅባችኋል። ከነጩ ሁለት ጣት ያህል ትታችሁ ቁረጡ፣ የተዋችሁትን ወደ ኋላ ሁለት ጊዜ አጥፋችሁ በእጅ ስፉት። ሳባው በጋለ ካውያ ይኮማተራልና በላዩ ነጭ ጨርቅ አድርጋችሁ ተኩሱ። የተቀደደውን ነጩን መሃል ደግሞ እንዳትጥሉ፣ እሱ ስስ ስለሆነ ተሸብሽቦ አበባ ይሆናል፣ ክር አስገብታችሁ በአንድ ዳር ሸብሽባችሁ ሳቡት፣ ጥቅልል ብሎ ጽጌረዳ ነው የሚመስለው።

የሽምብጥ_ልጅ

እማማ እግዚአብሔር ያክብርልን፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ጥለት ጭራሽ አላሰብኩትም ነበር። ለልጅ ልጅዎም ምስጋና ንገሩልን። አንድ ልጠይቅዎት፣ ጥለቱን ገመድ ላይ ነው የምንሰቅለው ወይስ በር ላይ? ነፋስ ይችላል?

ፈታይዋ_እናት

ከፍ አድርጋችሁ ከሰቀላችሁት ማን ያየዋል ልጄ። ጥለት ቀርቦ ነው የሚታይ። በየበሩ ቅስት ላይ፣ ቡና በሚፈላበት፣ እንግዳ በሚቀመጥበት አድርጉት። ለላይኛው አንሶላው ይበቃል።

አይሱዙ_ነጂ

ወንድሞቼ እኔ የምለው ስለ ከፍታው ነው። አምና አንድ ሰፈር ያለ ጌጥ በጣም ዝቅ ብሎ ስለተሰቀለ ጭነት ይዤ ሳልፍ እንዳልበጥሰው ወርጄ ልጆቹ በእንጨት ደግፈው አሳለፉኝ። መኪና የሚያልፍበት መንገድ ከሆነ መሃሉ ላይ ከረገበ በኋላ ከመሬት 5 ሜትር በታች እንዳይሆን፣ ጫፉን ሳይሆን መሃሉን ለኩ፣ ረጅም ገመድ ሁልጊዜ መሃሉ ይረግባል። በዕለቱ ደሞ ድባቡም መስቀሉም ከፍ ብሎ ነው የሚሄደው፣ ካህናቱ እየጎነበሱ እንዳያልፉ።

የመብራት ምሰሶ ላይ አትሰሩት። እባካችሁ። ጨርቅ ሲርስ ነገር ያመጣል፣ ሽቦው አጠገብ መሰላል ይዞ መውጣት ራሱ ሞት ነው። በረንዳ፣ ፎቅ ቤት፣ ወይ የራሳችሁን እንጨት ትከሉ። ዘንባባዎቹ ላይም ሚስማር አትምቱ፣ የከተማችን ውበት እነሱ ናቸው፣ ማሰር ካለባችሁ በሰፊ ጨርቅ ጠቅልላችሁ እሰሩ ሲወርድም ፍቱላቸው።

ቀበሌ_14_ልጅ

ሁሉም ጥሩ ነው ግን ማን ይሰፋዋል? ላስቲኩ እኮ ተገዝቶ በአንድ ከሰዓት ነው የሚያልቀው። እኛ ሰፈር ወጣቱ ሥራ ነው የሚውለው ማታ ደክሞት ነው የሚገባው።

ሰፊዋ_ከግሽ_ዓባይ

መስፋቱ ከባድ አይደለም መቁረጡ ነው ጊዜ የሚወስደው፣ መቁረጥ ደግሞ መኪና አይፈልግም፣ ማንም ይቆርጣል። ካርቶን ላይ አንድ ልክ አውጡና ለየቤቱ ስጡ፣ ቡና ሲፈላ ማታ ማታ ይቆረጥ። እኛ ሰፊዎቹ የተቆረጠ ከመጣልን ቀጥታ ስፌት ነው፣ አንድ ገመድ ቶሎ ነው የሚያልቀው። ደግሞ ላስቲኩ በየዓመቱ ነው የሚገዛው፣ ይሄ አንዴ ነው የሚሰፋው።

የልጆች_መምህርት

እኔ ከሕፃናት ጋር ነው የምውለው እና ለነሱ የሚሆን ልንገራችሁ፣ ልጆቹም እንዲሳተፉ። ቲሸርት ጨርቅ አይተረተርም ስለዚህ መርፌ አያስፈልገውም። ቢጫ ቲሸርት በሁለት ጣት ስፋት ሰንጥቁትና ጫፍና ጫፉን ይዛችሁ ሳቡት፣ ራሱ ተጠቅልሎ ገመድ ይሆናል፣ ያንን እያጠፉ መሃሉን ማሰር ነው፣ አደይ አበባ ወጣ። ለእንቁጣጣሽ ሰርተን መስኮት ላይ ደርድረነው ነበር፣ ለገናም ከቀይ ሰርተነዋል። ቢጫ ቲሸርት የአንድ ድርጅት ወይ የስብሰባ ተብሎ የታደለ በየቤቱ አለ፣ ጽሑፉ ደረቱ ላይ ነው፣ ጀርባውና እጅጌው ንጹህ ነው።

ለኮከብ ደግሞ ሸምበቆ ሰንጥቀን አምስት ማዕዘን አስረን በላዩ አሮጌ ሻሽ ወጥረንበታል። በጣም ቀላል ስለሆነ ክር ላይ ቢሰቀልም አይከብድም። የገና ዛፍ ላይ የሚሰቀለውንም ኳስ ከፕላስቲክ ከመግዛት ቁርጥራጩን አድቦልቡላችሁ በላዩ በሚያምር ጨርቅ ጠቅልሉት፣ ቢወድቅ አይሰበር ሕፃን እጅ ቢገባ አይጎዳ።

ልባሽ_ተራ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ሙስሊም ነኝ፣ ገበያ ውስጥ ልባሽ ነው የምሸጠው እና ርዕሱን ልጆች ላኩልኝ።

ከቦንዳ የሚወጣው ሁሉ አይሸጥም። እድፍ ያለበት፣ የተቀደደ፣ ዚፑ የሞተ፣ በአንድ በኩል ይከመራል፣ እሱን በትንሽ ብር ነው የምንለቀው፣ አንዳንዴም በነጻ ይወሰዳል። ለናንተ ደግሞ እድፉን ዘላችሁ ትቆርጣላችሁ። ቅዳሜ ገበያው ግር ስለሚል በሌላ ቀን ኑ፣ ተረጋግታችሁ ትመርጣላችሁ። አንሶላና መጋረጃ ሲመጣ ቀድሞ ያልቃል፣ ስለዚህ አስቀድማችሁ ንገሩን እናስቀምጥላችኋለን። ክረምት ላይ ብትገዙ ደግሞ ከዚህ ይረክሳል፣ ታኅሣሥ ሲገባ ፈላጊው ይበዛል። በየሰፈሩ የሚዞሩትን ልዋጮችንም አነጋግሩ፣ እነሱ በሳፋና በብርጭቆ የሚለውጡት አሮጌ ልብስ ብዙ ነው።

እኛ ሰፈር ለኒካህ አረንጓዴና ነጩን ነው የምንሰቅለው፣ ለኢድም እንደዚሁ። ሰፊዋ የጻፈችውን የሸሚዝ ቁልፍ ሳነብ ያሰብኩት ምንድነው፣ ነጩን ገመድ ብቻውን ሰፍታችሁ ብታስቀምጡት ለኛም ይሆናል፣ ለሠርግም ይሆናል፣ ለምርቃትም። ቀለማሙን እየቀያየሩ መቆለፍ ነው። ጎረቤት ለጎረቤት ይዋዋሳል፣ ድንኳንና ድስት እንደምንዋዋሰው ማለት ነው።

የሽምብጥ_ልጅ

ወንድሜ ይሄ ሀሳብ ብቻውን አንድ ርዕስ ይወጣዋል። እሺ፣ ነጩን ለብቻው። እድፋሙን ክምር በቅርብ ቀን መጥተን እናያለን፣ ላስቀምጥላችሁ ካልክ አንሶላ ይቀመጥልን።

አባይ_ማዶ

እኔም ከተመለሰልኝ በኋላ ሰፈሬ ተነጋግረናል፣ እኛም እንገባበታለን። አንድ ጥያቄ፣ ከወረደ በኋላ የት ነው የሚቀመጠው? አምና እኛ ጋ ለድንኳን የተሰፋ ጨርቅ ነበረ፣ ክረምቱን ቆይቶ ሲወጣ ሻግቶ ጥቁር ነጥብ ነጥብ ሆኗል።

ድርና_ማግ

ሐይቅ ዳር ነን፣ ክረምት ላይ አየሩ እርጥብ ነው፣ ሻጋታ የሚመጣው ጨርቁ ትንሽ እንኳን እርጥበት ይዞ ከታጠፈ ነው። ጥር 12 ማታ ወይ በነጋታው አውርዱት፣ ጠዋት ጤዛው ሳይደርቅ አታውርዱ፣ ከሰዓት ፀሐይ ከመታው በኋላ። አቧራው ከበዛ አጥባችሁ በደንብ አድርቁ፣ ስታርች ግን አታድርጉበት፣ ሻጋታም አይጥም ይወደዋል። ፌስታል ውስጥ አትክተቱት አየር አያገኝም፣ ንጹህ ጆንያ ይሻላል፣ ከመሬት ከፍ ተደርጎ ይሰቀል። ነሐሴ ላይ ፀሐይ በወጣ ቀን አንዴ ይውጣና ይናፈስ።

ሰፊዋ_ከግሽ_ዓባይ

አቀማመጡ ላይ፣ ገመዱን ካርቶን ላይ ጠቅልሉት፣ ርዝመቱንና ቀለሙን ካርቶኑ ላይ ጻፉበት። እጅ ላይ ጠቅልሎ ጆንያ ውስጥ የወረወረ ሰው በዓመቱ ሲፈታ ነው የሚውለው።

የሽምብጥ_ልጅ

እሺ ቤተሰብ፣ እስካሁን የተባለውን ይዘን እኛ እንዲህ ልንጀምር ነው። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ የታጠበና የተተኮሰ ጨርቅ ብቻ እንሰበስባለን፣ ያልታጠበ አንቀበልም፣ በአንድ ሰው ላይ እንዳይከመር። ቀዩ ሁሉ በካውያ ይፈተናል። ለዋናው መንገድ አንሶላና አቡጀዴ፣ ለየበሩ የነጠላ ጥለት፣ ጥለቱን እናቶች ራሳቸው ናቸው የሚያወጡት እኛ አንነካውም። የልጆቹን ኮከብ ደግሞ መምህርቷ እሺ ካለች እንለምናታለን። ገና ሳይደርስ ቆረጣው ያልቃል፣ ከገና እስከ ከተራ ስፌቱ።

ቀበሌ_14_ልጅ

እሺ ተረታሁ፣ ካርቶኑን ልኬት ላኩልኝ እኛም ሰፈር ማታ ማታ እንቆርጣለን። እቤት ሁለት ከፋይ መጋረጃ አለ፣ ወይን ጠጅ ቀለም፣ በጣም ያምራል፣ ለገመዱ ይሆናል?

ሰፊዋ_ከግሽ_ዓባይ

ከፋይ ለገመድ ይከብዳል፣ መሃሉን ያረግበዋል፣ ለካውያም አይመችም ጸጉሩ ይተኛል። ለበር ግራና ቀኝ እንዳለ አንጠልጥሉት፣ ታቹ ላይ የእማማን ጥለት አዙሩበት። ልኬቱ ላይኛው ጎን 20፣ ቁመቱ 25፣ እጥፍ የምትሰሩ ከሆነ ለስፌት በየጎኑ አንድ አንድ ሳንቲም ጨምሩ።